የአፋፉ ቤት ክዳን

ከመካነ ሰላም ከተማ በላይ፣ ጥብቅ ደኑ አልቆ የጓሳው ሣርና ጅብራው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ ሰው ቤት ሠርቶ አያውቅም። በበጋ ከገደሉ የሚነሣው ነፋስ ከብት ያንገዳግዳል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ውኃ ያረጋል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ግን የሚያድርበት ይፈልጋል። ወረዳው ይህን አስቦ አፋፉ ላይ አንድ የእንግዳ ቤት እንዲሠራ ሲወስን፣ ሥራውንም ከሥራው የሚገኘውንም ለስደት ተመላሾች ማኅበር ሰጠ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ኡምኩልሱም ነበረች።

ኡምኩልሱም ሳውዲ አበሾችን ጠርጋ ባስወጣችበት በ2006 ዓ.ም. የተመለሰች ናት። ጅዳ ሰው ቤት ዓመታት ሠርታለች። የመጨረሻዎቹን ወራት ግን እመቤቷ «ነገ፣ ነገ» እያለች ደመወዟን ሳትሰጣት ፖሊስ አፍሶ ወሰዳት። ይህን ለሰው አታወራም። በልቧ ግን አንድ ነገር ምላ ነው የመጣችው፦ ሳይከፈላት አትሠራም፣ ሳትከፍልም ሰው አታሠራም።

የቤቱን ንድፍ ያወጣው ካሳ የሚባል የወረዳው የግንባታ ባለሙያ ነው። ደጋው አቀስታ ብርድ ውስጥ ስላደገ ብርድ ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ሁለቱ አፋፉ ላይ ወጥተው፣ ወረቀቱ እንዳይበር ድንጋይ ጭነውበት፣ ብዙ ቀን ተከራከሩ። ቆርቆሮውን ሁለቱም ጠሉት፤ በረዶ ሲጥል አያነጋግርም፣ ሲመሽ ብርዱን ይስባል፣ ብልጭታውም አውሬ ያሸሻል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ቤቱ እስከ ወገቡ ተዳፋቱ ውስጥ እንዲቀበር፣ ግድግዳው ሁለት ረድፍ ድንጋይ ሆኖ ከጉድጓዱ የወጣው አፈር በመሐሉ እንዲጠቀጠቅ ተስማሙ። የወፍራሙን ግድግዳ ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት። እመቤቷ ቤተሰቦቿን ይዛ በምትሄድበት የበረሃ ማረፊያ፣ ቀን ቀን ውጪው እሳት ሲሆን የጭቃው ክፍል ውስጥ ቅዝቃዜ እንደነበር ታስታውሳለች። ካሳ መስኮቱን ትልቅ አድርጎ ነበር፤ አሳንሳ ወደ አልጋው ዝቅ አስደረገችው። እንግዳው ጋቢውን ሳይጥል ተቀምጦ ገደሉን ይይ፣ አለች። ሽንት ቤቱም ውኃ የማይፈልግ፣ አመድ የሚነሰነስበት ሆነ።

ግድግዳው እንዳሰቡት ቆመ። ጣጣው ክዳኑ ላይ መጣ።

ጓሳ በዚያ ነፋስ ላይ በአንድ ቀን ተከድኖ ካላለቀ አይጸናም። ግማሽ ክዳን ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋል። ካሳ ይህን ስለሚያውቅ የአካባቢውን ሰው በወንፈል እንድትጠራ መከራት። አሻፈረኝ አለች። ሠራተኛ በቀን ሒሳብ ከከተማ ቀጠረች። ሠራተኞቹ ጠዋት ዳገቱን ሲወጡ ረፈደባቸው፤ ሰዓታቸው ሲደርስም ጫፉ ሳይዘጋ ወረዱ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም፤ የተዋዋሉት እስከዚያ ሰዓት ነው። በማግሥቱ ስትወጣ ወራጁና ማገሩ እርቃኑን ቆሞ አገኘችው። ጓሳው ገደል ለገደል ተበትኗል።

ሳይከደን በክምር የተረፈው ጓሳ ለአንድ ክዳን ብቻ የሚበቃ ነበር። ሌላ ለማጨድ እስከሚመጣው ዓመት አይፈቀድም። ክዳን ሳይኖረው የበልግ ዝናብ ከደረሰበት ደግሞ የግድግዳው አፈር ታጥቦ ይወርዳል፤ ማኅበሩም ይፈርሳል። ያ ከሆነ ለኡምኩልሱም የሚቀራት፣ በሱዳን በኩል መንገድ አለ እያለ የሚደውለው ደላላ ነው።

አንድ የወረዳ ኃላፊ መላ አመጣሁ አለ። ሕዝቡ ለእርከን ሥራ በዘመቻ ወጥቷልና አንዱን ቀን ወደ አፋፉ ላዞርልሽ አላት። አመስግና እንቢ አለች። ትእዛዝ ያወጣው ሰው እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች፤ እሷም ስትታዘዝ ነው የኖረችው።

በዚያው ሳምንት እቴቴ ድንቅነሽ ከአፋፉ ሥር ካለው ቤታቸው ጓሳ ተሸክመው ወጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እርሻቸውን በወንፈል የሚያዘልቁ፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ሴት ናቸው።

«ክዳንሽ እኔ አውድማ ላይ አድሮ ተገኘ» አሉና ሸክማቸውን ጣሉት። «አፋልጉኝ ሳትዪ ይዤልሽ መጣሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ እቴቴ። ሰው ጠፍቶብኝ ነው እንጂ…»

«ሰው ሞልቶ! ጠርተሽ ቀረብሽ?»

«በነፃ ሰው አላሠራም።»

እቴቴ ድንቅነሽ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «በነፃ ያለሽ ማነው? አረብ አገር ብትቆዪ ጊዜ አረብ ሆነሽ ቀረሽ? እኔ ዛሬ እመጣልሻለሁ፣ አንቺ ገብሴ ሲደርስ ትመጪልኛለሽ። የቀረብሽ እንደሆነ ደጅሽ ድረስ መጥቼ ነው የማዋርድሽ።»

«ቤቱ እኮ የኔ አይደለም። የማኅበር ነው፣ የወረዳ ነው።»

«ወረዳ ገብስ ያጭድልኛል? እኔ ለወረዳ አልመጣም። ላንቺ ነው የምመጣው።»

ኡምኩልሱም ያላትን ቆጠረች። መሬት የላት፣ በሬ የላት። የምትመልሰው ቀኗን ነው፤ ጅዳ ሳለች ደግሞ የራሷ ሆኖ የማያውቀው እሱ ቀኗ ነበር። አሁን ገና እጇ የገባውን ለዚህም ለዚያም ቆርሳ ልትሰጥ ነው። ደመወዝ ከመክፈል ይልቅ ይህ አስፈራት። ቢሆንም ተነሥታ በየቤቱ ዞረች። ቤቱ የእንግዳ ነው፣ ብድሩን የምመልስ ግን እኔ ነኝ አለቻቸው። አንዳንዱ እጇን አይቶ «ይሄ ሞባይል እንጂ ማጭድ ያውቃል?» ብሎ ሳቀባት። የሳቁባትም እሺ አሉ።

ጁምዓም፣ የታቦት ቀንም ያልሆነ ቀን ለማግኘት ካሳ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ጋር ተመላልሷል። ቀኑ ሲደርስ ሰዉ ጎሕ ሲቀድ መጣ። ወንዶቹ ጣራው ላይ ወጡ፤ ሴቶቹ ጓሳውን እያስተካከሉ በነዶ በነዶ አቀበሉ። ኡምኩልሱም ማሰሪያውን ልጥ እያቀበለች በመሐላቸው ዋለች። የአስር ሶላት ሳይሰገድ ጫፉ ታሰረ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ከገደሉ ወጣ፤ ቤቱን ገፋው፣ ከሥሩ የሚገባበት አጥቶ በላዩ አለፈ። ሳምንቱን ሙሉ እየወጣች ብታየው ከቦታው የተነቀለ ጓሳ የለም።

ከዚያ በኋላ መመለስ ሆነ። በልጉን አረመች፣ ክረምቱን ድንች ኮተኮተች። መጀመሪያ እጇ ተላጠ፤ የሚያሾፍ አልጠፋም። እየቆየ እጇ ጠነከረ፣ ሹፈቱም ወደ ሌላ ሰው ዞረ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከአዲስ አበባ የመጡት በኅዳር ነው፤ ሳይነግሩ። ኃላፊው ሲደውልላት የእቴቴ ድንቅነሽ ገብስ ውስጥ ነበረች።

«ቁልፉ የት ነው? እንግዶቹ ደጅ ቆመዋል» አላት።

«እኔ ጋ ነው። አጨዳው ሲያልቅ እወጣለሁ።»

«በቀን ሠራተኛ አስተኪና ውጪ እንጂ!»

እቴቴ ድንቅነሽ ያልሰሙ መስለው ማጭዳቸውን አላቆሙም።

«እሳቸው ሠራተኛ አልላኩልኝም» አለች ኡምኩልሱም፤ «ራሳቸው ናቸው የመጡልኝ። ከግድግዳው በስተምሥራቅ አስቀምጣቸው፣ እዚያ ነፋስ አይደርስም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፀጉሯ ላይ ገለባ እንደያዘ አፋፉ ላይ ወጣች። እንግዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ሲወርዱ ያያሉ። ሰላምታ ሰጥታ ከፈተችላቸው፣ እሳት አነደደችላቸው። ቁርሳችሁን ማልጄ ነው የማቀርበው አለቻቸው፤ ነገ ደግሞ የሌላ ሰው የወንፈል ቀን ነው።