ቀብዱ እስኪከፈል

ሰልሳቢል በየማለዳው በርጩማዋን እህል በረንዳ ውስጥ ካለ አንድ መጋዘን ፊት ለፊት ታስቀምጥና የተቀደደ ጆንያ መስፋት ትጀምራለች። ሲባጎውን በትልቁ መርፌ ጎትታ በጥርሷ ትበጥሳለች። ጥላ ያለበት፣ ተሸካሚም የማይጋፋው ሌላ ቦታ ሞልቷል። ነጋዴዎቹ ወደዚያ እንድትዞር ነግረዋት ያውቃሉ። እሷ ግን የመጋዘኑ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ትፈልጋለች። መጋዘኑ ከነጓዳው እስከ አምና ድረስ የወላጆቿ ቤት ነበር።

አባቷ ቤቱን የገዙት ሰልሳቢል ልጅ ሳለች፣ ከጎረቤታቸው ከፈርሀት አባት ነው። ግዢው የሰፈሩን ወግ ተከትሎ ተፈጸመ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ገንዘቡ በጨርቅ ተቋጥሮ ቀረበ፤ ከቁርኣን ፋቲሓ ተቀራ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ክርስቲያኑ ጋሽ አለሙ ስለነበሩ እሳቸውም በበኩላቸው መረቁ። ከዚያ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ወረቀት የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ሰፈር «እንፈራረም» ማለት «አላምንህም» ማለት ነበር። የቤቱ የይዞታ ካርታም በፈርሀት አባት ስም እንደሆነ ቀረ።

ሻጩም ገዢውም ካቻምና በተቀራረበ ጊዜ ሞቱ። ፈርሀት ብዙ ሳይቆይ ክስ መሠረተ። ቤቱ የአባቱ እንደሆነ፣ የሰልሳቢል ቤተሰብ ያለ ውል ይዞት እንደተቀመጠ፣ አባቱም ከእሱ ሌላ ልጅ እንደሌላቸው በችሎት ተናገረ። ጋሽ አለሙ ለሰልሳቢል ቀርበው ሽያጩን በዓይናቸው ማየታቸውን በመሐላ መሰከሩ። ዳኛዋ በትዕግሥት አዳመጧቸው። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገና ውል በሚያረጋግጥ አካል ፊት ካልተፈረመ በሕግ ፊት እንደማይጸና፣ የጽሑፉንም ቦታ ምስክር ሊተካው እንደማይችል ከነምክንያቱ አስረዱ። ፈርሀት አባቱ የተቀበሉትን ገንዘብ እንዲመልስ፣ እነሰልሳቢል ቤቱን እንዲለቁ ተወሰነ። ያ ገንዘብ ያኔ ቤት ገዝቷል። ዛሬ የጥቂት ወር ኪራይ ነው።

ፈርሀት ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

«አባትሽ የገዛው ፋቲሓ ነው» አላት። «ፋቲሓውን ይዘሽ ውጪ፤ ቤቱን ተይልኝ።»

አብረውት የቆሙት ሳቁ።

እናትና ልጅ አማኑኤል አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። እናቷ ያን ክረምት አልተሻገሩም። ሰልሳቢል ሐዘን ተቀምጣ እንደጨረሰች የጆንያ መርፌ ገዝታ፣ ፈርሀት ቤቱን መጋዘን ወዳደረገበት እህል በረንዳ ተመለሰች።

ከሥራ ስትወጣ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ መሄድ ያዘች። ጠበቃው ሰብሐት ይግባኙ እንደማያዋጣት ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሯታል። መምጣቷን ግን አላቆመችም። ባለጉዳዮች መካከል ተቀምጣ ለሌላው የሚነገረውን ታዳምጣለች። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ ሰው የሚሸጠው በላዩ ያለውን ቤት እንደሆነ ሰማች። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ቤት በአንዳቸው ፊርማ ብቻ እንደማይሸጥ ሰማች። የሰማችውን ሁሉ ፈርሀት ላይ ትለካዋለች። የባልና ሚስቱ ነገር፣ ያለ ፈርሀት ሚስት ፊርማ ቤቱ አይሸጥም በሚል፣ ለጥቂት ቀን ልቧን አሙቆት ነበር፤ በውርስ የተገኘ ቤት የግል መሆኑን ስትረዳ ተወችው።

አንድ ቀን ሰብሐት ለአንዲት ባለጉዳይ፣ «በውርስ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ እኩል ናቸው» ሲላት ሰልሳቢል ከተቀመጠችበት ተነሣች። ፈርሀት እህት አለችው። ሀፍሷ ትባላለች፤ ከሰልሳቢል ጋር በአንድ ግቢ ገመድ ስትዘል አድጋ ቡታጅራ ተድራ የሄደች። ፈርሀት «ሌላ ልጅ የለም» ሲል ሰልሳቢል እዚያው ነበረች፤ ችሎቱን የሞላው የሰፈር ሰውም ነበር። አንዳቸውም እንደ ውሸት አልቆጠሩትም። እነሱ ዘንድ የተዳረች ልጅ ከአባቷ ቤት ወጥታለች፤ ቤት ሲነሳ ማንም አያስባትም።

«እህት እያለችው ብቸኛ ወራሽ ነኝ ብሎ ቢሆንስ?» አለችው ሰብሐትን፣ ወረፋዋ ሲደርስ።

«እህትየው ትቃወማለች። የወራሽነት ማስረጃው ይሰረዛል፤ ቤቱ የሁለቱም ይሆናል።»

«ሊሸጠው ቢሆንስ?»

«ታሳግዳለች።»

«ቀብድ ተቀብሎ ቢሆንስ?»

«ሽያጩ በእሱ ጥፋት ከቀረ የቀብዱን እጥፍ ይመልሳል።» ሰብሐት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እትዬ ሰልሳቢል፣ ቤቱ ግን ወደ እርስዎ አይመለስም። ለእርስዎ ምንም የለውም።»

«እጥፉን ነው ያልከኝ?»

«እጥፉን።»

«ሌላ አልጠየቅሁህም» አለችውና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በማግስቱ ቡታጅራ ሄደች። ሀፍሷን በርበሬ ስታሰጣ አገኘቻት።

«ወንድምሽ፣ አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም ብሎ ለዳኛ ተናገረ።»

ሀፍሷ ሳቀች። «ታዲያ እኔን ከየት አመጡኝ?»

«እሱን እሱ ይንገርሽ።»

ድርሻ እንዳላት ስትሰማ ሀፍሷ በርበሬዋን መበተን አላቆመችም። ወንድምን መክሰስ ነውር ነው አለች። ቆይታ ግን እጇን ጠረገች።

«ሞታለች ቢል ይሻል ነበር። ለሞተ ሰው ለቅሶ ይቀመጡለታል። መቼ ነው የምንሄደው?»

«አሁን አይደለም። ስደውልልሽ ትመጪያለሽ።»

በዚያን ሰሞን አንድ ባለሀብት መጋዘኑን አፍርሶ ሕንፃ ሊሠራበት ከፈርሀት ጋር እየተዋዋለ ነበር። ሰልሳቢል ጆንያዋን እየሰፋች ሜትር ሲዘረጋ፣ ደላላው ሲመላለስ ታያለች። ፈርሀት የአባቶቹን ስህተት አልደገመም፤ የቀብዱን ውል በጽሑፍ አደረገው። ቀብዱን የተቀበለ ዕለት ለተሸካሚዎቹ ሁሉ ለስላሳ አስከፈተና አንድ ጠርሙስ ለሰልሳቢልም ላከላት። ተቀብላ ጠጣችው። ብዙም ሳይቆይ ከበሩ ላይ አይሱዙ የጭነት መኪና ቆመ፤ ፈርሀት በተቀበለው ቀብድ የገዛው ነው። የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ስታይ ስልኳን አውጥታ ለሀፍሷ ደወለች።

በሀፍሷ አቤቱታ የወጣው የፍርድ ቤት እግድ ለፈርሀት ሲደርሰው ጋሽ አለሙን አማላጅ ላከ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ሰልሳቢል ንጹሕ ጆንያ አነጠፈችላቸው።

«ልጄ፣ ሀፍሷ አንቺን ነው የምትሰማው። ተዪው ካልሻት ትተወዋለች። ፈርሀት ካሳ ይከፍልሻል፤ በእኔ ይሁንብሽ።»

«እርስዎ ሲምሉ ዳኛዋ አልተቀበሉዎትም፣ ጋሼ። እኔ ከዳኛ በልጬ ልቀበልዎት?»

«እኔ ያኔ የመሰከርኩት ለአባትሽ ነው።»

«አውቃለሁ። ጠቀማቸው?»

«አባትሽ ይህን አይወድም ነበር» አሉ ጋሽ አለሙ።

«የአባቴ ደግነት ነው እናቴን ኪራይ ቤት የገደላት። ቤትዎ ይግቡ፣ ፀሐዩ ሳይበረታብዎት።»

ሽማግሌው በገዛ ከዘራቸው ተነሱ። የሚያነሳቸው እጅ አልዘረጋችም። መልሱን ለፈርሀት ያደረሱት ከመጋዘኑ በር ላይ ሆነው ነው፤ ሰልሳቢል የፈርሀትን ፊት ደህና አድርጋ አየችው።

ጉዳዩ ወራት ወሰደ። ፍርድ ቤቱ የፈርሀትን የብቸኛ ወራሽነት ማስረጃ ሰረዘ፤ ቤቱም የሁለቱም እኩል ነው አለ። ሀፍሷ ድርሻዋን አልሸጥም አለች። ባለሀብቱ ግማሽ ቤት እንደማይገዛ አስታውቆ የቀብዱን እጥፍ ጠየቀ። ፈርሀት የሚከፍለው በእጁ የለም። እጥፉን ለመክፈል አይሱዙው ከሰኞ ጀምሮ መሳለሚያ ለሽያጭ ይቆማል።