ተኝቶ እንግዳ መቀበል ነውር ነው የሚሉት አባቴ

«ወላሂ አይነሱም!» ይላል ጠያቂው ከበር ላይ። አባቴ ግን ተነስተዋል።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ስድስተኛው ነው። በተነሱ ቁጥር ራሳቸውን ይዘው ግድግዳ ይደገፋሉ፤ እኔ እንደ እብድ እዞራለሁ።

ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ በዝቶ መራመድ ስላቃታቸው፣ ባለፈው ሳምንት ደሴ ሆስፒታል ውሃውን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ገባላቸው። ትናንት ኮምቦልቻ ቤታችን ገባን።

ራስ ምታቱ ሲነሳባቸው እኔ ብልጧ ቀና ይበሉ ብዬ ትራስ ጨመርኩ። ባሰባቸው። ደንግጬ ለሐኪሙ ደወልኩ።

«ሲተኙ ይተዋቸዋል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ቀና ሲሉ ውሃው ከመጠን በላይ እየወረደ ይሆናል። ያለ ትራስ ይተኙና ነገ ጠዋት አምጫቸው። ካስመለሳቸው ወይም ከፈዘዙ ግን አሁኑኑ።»

ትራሱን ሁሉ አነሳሁ። ግን የወሎን ሽማግሌ፣ እንግዳ ቆሞ አንተ ተኛ ብሎ ማን ያሳምናል? «ነውር ነው ልጄ» ይላሉ፣ በክርናቸው እየተደገፉ።

አሥር ሰዓት ላይ የልጅነት ጓደኛቸው ሐጂ ሰይድ ከደጋን መጡ። አባቴ ሊነሱ ሲሉ ደረታቸውን ይዤ ነገሩን ለሐጂ ነገርኳቸው።

ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ከአባቴ ፍራሽ ጎን፣ ምንጣፉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ።

«በል፣ አሁን እኩል ነን። እንዴት ዋልክ?»

አባቴ ተኝተው ሳቁ።

እናንተስ አልተኛም ያለ ታማሚን ምን ብላችሁ አስተኛችሁ? ቶሎ ንገሩኝ። በሩ እንደገና እየተንኳኳ ነው፣ አሁን ደግሞ የማስተኛው ሁለት ሽማግሌ ነው።