ወንድሜ ያልፎከረ ዕለት

ወንድሜ ከላይቤሪያ ሲመለስ ደባርቅ ላይ የጣልንለት ዳስ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከተራራው የወረደው ጉም ዳሱ ውስጥ ገብቶ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ነበር። ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ ዘመዱ ሁሉ በሚኒባስ ታጭቆ መጥቷል። እናቴ የጠመቀችውን የገብስ ጠላ የመሰለ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፤ ቀምሻለሁ የሚለኝም ሰው ይዋሻል። ያ ዳስ፣ ያ ሰው፣ ያ ጫጫታ ይናፍቀኛል።

ወንድሜ ሻለቃ ነው። ለሰላም ማስከበር ሄዶ የተመደበው ግን የሲቪል ጉዳዮች በሚሉት ክፍል ነበር፤ ሥራው ከአገሬው ሕዝብ ጋር መነጋገር፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ የተዘጋ ገበያ ማስከፈት። ይህን በስልክ ሲነግረን አባባ ቅር አላቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው ምስራቅ ግንባር የዘመቱ ሰው ነበሩ፤ በየሠርጉ ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ ይዘው ሲፎክሩ እያየን ነው ያደግነው። ጎረቤት «ልጅዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው «ግንባር ነው» ይሉ ነበር። የቱ ግንባር ብሎ የሚጠይቃቸው ደፋር አልነበረም።

ስለዚህ የዚያ ግብዣ ጭንቅ አንድ ብቻ ነበር። እኛ አገር ዘምቶ የመጣ ሰው ሲከበር ተነሥቶ «ዘራፍ» ይላል፤ የጣለውን ይቆጥራል። ዝም ካለ የሚያፍረው አባቱ ነው። እኔ ታናሽ እህቱ ጓዳ ጎትቼ አስገባሁትና፣

«ወንድምዓለም፣ ዝም ብለህ ዘራፍ በል! ላይቤሪያ ድረስ ሄዶ ማን ያጣራል?» አልኩት።

ሳቀብኝ። በጣም ተናደድኩ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ጋቢ አለበሱት። አንድ ጎረቤታችን ፎክሮ ሲጨርስ ተራውን ለወንድሜ ለቀቀ። ወንድሜ ተነሣና፣

«አባቶቼ፣ የምፎክርበት የለኝም። አንድም ሰው አልገደልኩም» አለ።

አባባ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ሻለቃ፣ ታዲያ ምን ስትሠራ ከረምህ?» አለ ጎረቤታችን፣ በቀልድ አስመስሎ።

ወንድሜ ነገረው። በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት መንደሮች በጦርነቱ ተፋጅተው ድልድዩን መሻገር ትተዋል። ስብሰባ ቢጠራ እምቢ አሉት። ቢጨንቀው የእኛ አገር የዕርቅ ደንብ ትዝ አለው። ከወንዙ ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ ተሸከመና፣ መለዮውን እንደ ለበሰ ድልድዩን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ካሉት ሽማግሌዎች ፊት ተንበረከከ።

«ማርያምን! አበደ ብለው ሐኪም ጠሩልኝ» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

ለካ እዚያ አገር እንዲህ ያለ ደንብ የለም። አስተርጓሚው፣ በሻለቃው አገር ምሕረት የሚለመነው እንዲህ ነው ብሎ ሲያስረዳ ግን፣ በጦርነቱ ልጃቸውን ያጡ አንዲት አሮጊት ከሰው መሃል ወጡ። ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከአንገቱ አወረዱለት።

«አንተ ምን በደልኸን?» አሉት።

«እኔስ አልበደልኩም፤ ለሚከብዳቸው ሰዎች ነው የተሸከምኩላቸው» አላቸው።

ውሎ አድሮ ሰዉ ድልድዩን መሻገር ጀመረ፤ ገበያውም ተከፈተ። ወንድሜ ይህን ብሎ ተቀመጠ።

አባባ ከዘራቸውን ጨብጠው ብድግ አሉ። ጥለውት ሊወጡ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን መሃል ዳስ ገብተው ከዘራውን ወደ ላይ አነሡና፣

«ዘራፍ! ዘራፍ! የገዳይ ልጅ፣ አስታራቂ!» አሉ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አባባ ሊቀጥሉ ሲሉ እንባቸው ቀደማቸው። አሁን በሕይወት የሉም። ገዳይ የሚለውን ቃል ስለ ራሳቸው ሲሉት ዕድሜ ልኬን ሰምቻለሁ፤ ሲያለቅሱበት ያየሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።