«ጂን» ብዬ «ጂኒ» የተሰማብኝ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ይዤ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ገዳም እየወጣን ነበር። ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። በቅሎዋን የሚስብልን አያ ሞገስ ነው... የአርባ ዓመት ሰው፣ ጨዋታ የሚወድ። ያን ዕለት ግን አንገቱን ደፍቶ በቅሎዋን ብቻ ይስብ ነበር።

ዳገቱ መሃል ስናርፍ እንግዳዋን «ሥራሽ ምንድን ነው?» አልኳት። ስልኳን አውጥታ የምታጠናውን ዝንብ ፎቶ አሳየችኝ። ዝንቡ ግንባሩ ላይ፣ አንቴናው በሚበቅልበት ቦታ... እግር አብቅሏል!

«የዝንብ ሰውነት ክፍል ክፍል ነው» አለችኝ። «እያንዳንዱን ክፍል አንተ ራስ ሁን፣ አንተ ደረት ሁን፣ አንተ ሆድ ሁን የሚሉ ጂኖች አሉ። እግር የሚበቅለው ከደረት ነው፤ የደረቱ ጂን በስህተት ራሱ ላይ ሲሠራ፣ አንቴናው እግር ሆኖ ይበቅላል።»

የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

አያ ሞገስ ፎቶውን አይቶ ክው አለ። «ምን ነክቶት ነው ትላለች?»

«ጂን ነው ትላለች» አልኩት።

«ጂኒ?!» አማተበ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እናቴም ያለችው ይኸንኑ ነው...»

ግራ ገባኝ። ምን አልኩ?

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከወር በፊት የተወለደች ልጁ አንድ እጇ ላይ ስድስት ጣት አላት። እናቱ «በቀትር ወንዝ ወርደሽ ጂኒ ለክፎሽ ነው» እያለች ሚስቱን ብትነዘንዛት፣ እሷ ሕፃኗን ታቅፋ ኮን ከተማ፣ ወላጆቿ ጋ ሄዳለች።

እኔ ደግሞ በአንድ ቃል ምስክር ሆኜባት አረፍኩት!

«ኧረ አያ፣ ይሄ ሌላ ነው... ሰውነት ውስጥ ያለ... እንደ ትእዛዝ ያለ ነገር...» ተንተባተብኩ። ወደ እንግዳዋ ዞሬ ሁሉን ነገርኳት።

«ልጅቷን ሳላያት በምን እንደመጣ አልናገርም» አለች። «የእናቷ ጥፋት ግን አይደለም። ብዙ ጊዜ በዘር የሚወርድ ነው።» ከዚያ ዓይኗ አያ ሞገስ እጅ ላይ ቀረ። ትንሿ ጣቱ ሥር ምስር የምታህል እብጠት አለች። «ይቺስ?»

«ይቺማ በሕፃንነቴ እሾህ ወግቶኝ...» ብሎ አቋረጠ። «እናቴ ናት እንደዛ ያለችኝ።»

«አንዳንዶች ትርፍ ጣትን በሕፃንነት በክር አስረው ደርቆ እንዲወድቅ ያደርጉታል። ምልክቱ እንዲህ ይመስላል... እርግጠኛ ግን አይደለሁም።»

ይህንንም ተረጎምኩለት።

አያ ሞገስ እዚያው ቆሞ ደወለ። «እማ... እጄ ላይ ያለችው እብጠት፣ ጣት ነበረች?»

የአሮጊቷ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ።

«ማን ነገረህ?»

የበቅሎዋን ገመድ አስይዞኝ ቁልቁል ወረደ። ቅዳሜ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከኮን ሲገባ አይቼዋለሁ።

ያቺን ቃል «ዘረመል» ብዬ በትክክል ተርጉሜያት ቢሆን ኖሮ አያ ሞገስ ገመናውን ባላወጣ ነበር... ታዲያ አሁን በስህተቴ ልፈር ወይስ ልኩራ?