ባለ አሥራ ሰባት ድንጋይ ሰዓት

ባለፈው ሳምንት አንድ የዳባት ልጅ የአያቱን የእጅ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልሎ ደባርቅ ቤቴ ድረስ መጣ። ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የድሮ ሰዓት ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚጠቆመው። ሐሙስ ተመልሰህ ውሰድ አልኩት። ልጁ ግን አልተነሣም። እጁን እያሻሸ፣ በጣም በትሕትና፣ «እማማ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ቅር ይልዎታል?» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከስኳር ዕቃው ላይ አስደገፈና ካሜራውን ወደ እጄ አዞረው።

አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ሳቄ መጣ። የሰዓት ማጠቢያ ማሽኔ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ሦስት ጠርሙሶችና አንድ ማድረቂያ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ከላያቸው ሞተር የሚያሽከረክረው ዘንግ አለ። የተፈታታው ሰዓት ትንሽ የሽቦ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ቅርጫቷ ከዘንጉ ጫፍ ትታሰርና በመጀመሪያው ጠርሙስ በሳሙና፣ በሁለተኛው በቤንዚን፣ በሦስተኛው በአልኮል እየተሽከረከረች ትታጠባለች፤ በመጨረሻ ማድረቂያው ላይ ትሞቃለች። ሽታውን ያልለመደ ሰው ያስነጥሰዋል። ልጁም ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ ይማርህ ስለው እንኳ ዓይኑን ከእጄ ላይ አላነሣም። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ የእኔ ዓይን ነበር።

አባቴ በጃናሞራ የአንድ ገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ተጠራጣሪ ነበሩ። ማር ሲገዙ እንጨት እስከ ታች ሰድደው ያያሉ፤ በግ ሲገዙ ጥርሱን ማየት አይበቃቸውም፣ ያስሮጡታል። ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ያስተማሩን «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ ስንጥር አይጠፋም» የምትለዋን ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከንብረታቸው ሁሉ የሚሳሱለት ሰዓታቸው ነበር። የሸጠላቸው ነጋዴ ባለ አሥራ ሰባት ድንጋይ ነው ብሏቸው ኖሮ፣ እሳቸውም ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ይናገሩ ነበር። ድንጋዮቹ የሰዓቱ ዘንጎች የሚዞሩባቸው ቀያይ ፍሬዎች ናቸው፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጡም፤ ዋጋቸውም ያን ያህል አይደለም። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዕንቁ ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ ሰዓት ሠሪም ዕንቁውን አውልቆ ያስቀራል ይባል ነበር።

የገብስ ውቂያ ላይ አቧራ ገባበትና ቆመ። ሁዳዴ ሊገባ ነበር፤ በጾሙ ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት ደብሩ የሚያውቀው በዚሁ ሰዓት ስለሆነ አባቴ ተጨነቁ። እኔ ደባርቅ ቤት ተከራይቼ አሥራ አንደኛ ክፍል እማር ነበር። ለጥምቀት ሄጄ ስመለስ ከበሶና ከቆሎ ስንቄ ጋር ሰዓቱን በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። «ድንጋዩን ቆጥረሽ ስጪ፣ ቆጥረሽ ተቀበይ። ሲሠራው ዓይንሽን ከእጁ አትንቀይ» አሉኝ። መንገዱን ሙሉ፣ አመዳይ የተጋገረበትን ሣር እየረገጥኩ፣ ቋጠሮውን ስዳብስ ደረስኩ።

የደባርቅ ሰዓት ሠሪ ጋሽ ጥጋቡ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አሥመራ ከአንድ ጣሊያን ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሠርተው፣ ማሽኗን በጭነት መኪና በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ያወጧት እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው መናኸሪያው አጠገብ ነበር። ከተማው ግን መብራት የሚያገኘው ከጄኔሬተር ነው፤ ያውም ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ለጥቂት ሰዓት። ስለዚህ ቀን የተቀበሉትን ሰዓት ሲመሽ ቤታቸው ወስደው ነበር የሚያጥቡት። ይህ በሰው ዘንድ አልተወደደላቸውም። ደግ ሥራ ከሆነ ለምን በፀሐይ አይሠራውም ይባል ነበር። እኛ አገር የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ድሮውንም ሳይጠረጠር አይውልም፤ ቤቱ ገብቶ ከሠራ ደግሞ አለቀለት።

እኔ ሱቃቸው ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት የእጃቸውን አንጓ ነው። የአባቴ ሰዓት ዓይነት፣ ያው ነጭ ፊት፣ ያው ቢጫ ሰኮንድ ቆጣሪ፣ እጃቸው ላይ ታስሯል።  ይህን የሚያዞረው የማን ድንጋይ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ቤታቸው መጥቼ ሲታጠብ ማየት እንደምፈልግ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ «ነይ» ብቻ አሉኝ። አለመቆጣታቸውንም ጠረጠርኩት።

አመሻሽ ላይ ቤታቸው ስደርስ ባለቤታቸው የገብስ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ አቀረቡልኝ። ገንፎውን እያገላበጥኩ ስንጥር መፈለጌን ያወቅሁት ሴትዮዋ ምነው ልጄ፣ ጸጉር አገኘሽበት ሲሉኝ ነው። አፈርኩ፤ ማገላበጤን ግን አልተውኩም።

ጋሽ ጥጋቡ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሰዓቱን በካቻቢቴና በወረንጦ ፈታቱት። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ እሳቸውም ታግሠው ድንጋይ ያለበትን ሁሉ እያነሡ ያሳዩኛል። አሥራ አምስት ላይ ስንደርስ ሹካ የምትመስል፣ በጣም ደቃቅ ብረት አወጡ። ጫፎቿ ላይ ሁለት ድንጋዮች አሉ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። ሌላውን ሁሉ ቅርጫቷ ውስጥ ከተቱት፤ ይቺን ግን ለብቻዋ ነጭ ወረቀት ላይ አኑረው ሲኒ ደፉባት። ለምን አልኳቸው። «ይቺ ከእነሱ ጋር አትታጠብም» አሉ። ከዚያ ጠርሙሶቹን መሙላት ያዙ።

ደስ አለኝ ማለት ይቻላል። ሊያስቀሯቸው ያሰቡት እነዚህን ሁለቱን ነው ብዬ ደመደምኩ። ወዲያው አንድ ጎረቤት የግድግዳ ሰዓት ይዞ መጣና ጋሽ ጥጋቡ ወደ በሩ ወጡ። ባለቤታቸው ጓዳ ነበሩ። ወረንጦውን አነሣሁ፤ ሹካዋን ከሲኒው ሥር አውጥቼ ቅርጫቷ ውስጥ ጨመርኩና ክዳኑን ገጠምኩ። ሲኒውንም እንደነበረ ደፋሁት። ልሰርቅ አልነበረም። ሁሉም አብሮ ይታጠብ፣ አብሮ ይውጣ፣ ያ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ሲመለሱ መብራቱ ሳይጠፋ ለመጨረስ ቸኮሉ። ቅርጫቷን ዘንጉ ላይ አሥረው ሦስቱን ጠርሙስ አዞሯት፤ አደረቋት። ወረቀት ላይ ሲዘረግፏት ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት። ጋሽ ጥጋቡ ሲኒውን አነሡ፤ ባዶ ነው። ሹካዋን ከሌላው መሃል አገኟት፤ አንደኛው ድንጋይ የለባትም፣ ሌላኛውም ተንጋዷል።

«የሺ፣ ይቺን ማን ነካት?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔ እንጃ» አልኩ። ቀጥዬም አንድ ድንጋይ ጎድሏል አልኳቸው።

የጠርሙሶቹን ፈሳሽ አንድ በአንድ በነጭ ጨርቅ እያጠለሉ መብራት እስኪጠፋ ፈለጉ። አልተገኘም። እውነቱን ለመናገር፣ ሹካዋን በመንካቴና በድንጋዩ መጥፋት መሃል ያን ጊዜ ምንም ዝምድና አላየሁም። እኔን የገረመኝ ዓይኔ እያየ እንዴት እንደሰረቁኝ ነው።

ቅዳሜ ገበያ አባቴ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሹካዋን መንካቴን ብቻ አስቀረሁ። ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄዱ። ዶሮ ያንጠለጠለውም፣ እህል የተሸከመውም ድምፃቸውን ሰምቶ ተሰበሰበ።

«አሥራ ሰባት ሰጥቼ አሥራ ስድስት አልቀበልም» አሉ አባቴ። «መስቀል ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰውን በሐሰት አልከስም።»

ጋሽ ጥጋቡ አንዴ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። አሁን ይናገራሉ አልኩ። አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ።

«እውነት ነው አባ» አሉ። «የጎደለው እኔ ቤት ነው።»

ከዚያ የእጃቸውን ሰዓት ፈቱ። እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ከፈቱት፣ ሹካዋን አወጡና የአባቴ ሰዓት ውስጥ ገጠሟት። የአባቴ ሰዓት ወዲያው መምታት ጀመረ። የራሳቸውን ያለ ሹካዋ መልሰው ዘግተው እጃቸው ላይ አሰሩት። አባቴ ቆጥረው ይረከቡ ተባሉ፤ መነጽሩ በየት በኩል እንደሚታይበት አያውቁም ነበር፣ ቢሆንም አሥራ ሰባት ብለው ቆጠሩ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ «አመነ» ሲል ሰማሁ። ስንመለስ አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ አየሽ፣ ባንጠረጥር ኖሮ አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ጭር አለ። ሰው ሰዓቱን በአውቶቡስ ረዳት እጅ ጎንደር መላክ ጀመረ። ጋሽ ጥጋቡ የቆመ ሰዓታቸውን ግን ከእጃቸው አላወለቁም፤ ሁልጊዜ አራት ሰዓት ከሩብ ይላል። ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በሱቃቸው በር ነበር። በጀርባ በኩል ጭቃ የበዛበት ሌላ መንገድ ነበረ፤ እሱን ለመድኩ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ አስተማሪ ሆኜ ደባርቅ ስመደብ፣ ሄጄ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

«አውቄዋለሁ» አሉኝ። «ድንጋዩ ሹካዋ ላይ የሚያዘው በሙጫ ነው፤ አልኮል ያላቅቀዋል። ለዚያ ነው ለብቻዋ የማጥባት። ልንገራት ብዬ ነበር፤ የጠረጠረ ሰው ሲያስረዱት ይብስበታል ብዬ ተውኩት። የእኔ ጥፋት እሱ ነው።»

ታዲያ ለአባቴ ለምን አልነገሯቸውም አልኳቸው።

«እኔ ሌባ ስባል የመጀመሪያዬ አልነበረም። አንቺን በገበያ ፊት ውሸታም ባደርግሽ ግን አባትሽ በማግሥቱ ትምህርትሽን አስጥለው ይወስዱሽ ነበር።»

አለቀስኩ። እውነታቸውን ነበር፤ አባቴን አውቃቸዋለሁ። የምክስበት ሌላ ነገር ስላልነበረኝ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሄድኩ ዓይን ሆንኳቸው፤ እሳቸውም እጅ ሆኑኝ፣ ሥራውን አስተማሩኝ። ማሽኗን የተዉልኝም ለዚያ ነው። አባቴ ግን ሳይሰሙ ሞቱ። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ያቺ ቅዳሜ ኩራታቸው ነበረች፣ ልነጥቃቸው አልፈለግሁም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ፈሪነትም እንዳለበት አውቃለሁ። የአባቴ ሰዓት አሁን እኔ እጅ ላይ ነው።

የዳባቱን ልጅ ሰዓት ፈትቼ ሹካዋ ላይ ስደርስ ለብቻዋ አኖርኳት። አንገቱ ሲመዘዝ አየሁት። ስለ ሙጫውና ስለ አልኮሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ሲኒ ደፍቼባትም ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለት። እስኪያልቅ ድረስ ሲኒውን በሁለት እጁ ከልሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ ቆጠረ፤ አሥራ ሰባት። ፊቱ በራ፣ ወሬም መጣለት፤ ሰዓቱን ገጥሜ ስሰጠው የእጄን አየና «የእርስዎም የድሮ ነው፤ ስንት ድንጋይ ነው?» አለኝ።

«አሥራ ሰባት» አልኩት። «ሁለቱ ግን የሰው ናቸው።»

ልጁ ኪሱ ሊከተው የነበረውን ስልክ መልሶ አወጣ። የአያቱን ሰዓት ዘርግቶልኝ፣ እንደገና ከፍቼ እንዳስቆጥረው በትሕትና ለመነኝ። ካቻቢቴዬን አነሣሁና ከፈትኩለት።