ሙሉጌታ ያስተካከለው ፍሬን

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ አዲስ ባጃጅ ገዝቶ ከሐረሩ ሸዋ በር በኩል ጥሩንባውን እያስጮኸ መጣ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። አክስቱ ቅቤ በቅጠል ይዛ ብቅ አለችና የባጃጁን ግንባር ቀባች፣ መሪውን ቀባች። ይሁን፣ እሰየው። ዝቅ ብላ እጇን ወደ ጎማው ስትሰድ ግን "ጎማውን አትንኪ!" ብዬ ጮህኩባት። በዚህ ዕድሜዬ ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ሴትዮዋ ደንግጣ ቅቤው ከእጇ ወደቀ። "አባባ ጃጁ እንዴ?" አለ ልጁ። ጃጁ ያለኝ ይበል፤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ መኪና ሠርቶ ነበር። አዎ፣ በገዛ እጁ! ጣልያን ጥሎት ከሄደ አሮጌ መኪና አጽሙንና እግሮቹን አገኘ፤ ሞተር ከሌላ ስብርባሪ አወጣ፤ አካሏን በርሜል ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ ለበጣት። በር እንኳ አልነበራትም። ግቢያችን ጠባብ ስለነበር ግራ ጎኗን ከድንጋዩ ካብ ጋር አጣብቃ ነበር የምታድረው፤ በዚያ በኩል ድመትም አታልፍ።

አባታችን ቀደም ብለው ስላረፉ እማዬ የቀረናት እኛው ሁለታችን ነበርን። መኪናዋን አልወደደቻትም። "ይቺ ቆርቆሮ ልጄን ትበላብኛለች" ትል ነበር። ሙሉጌታም ይስቅና፣ "እማዬ፣ የማይነሳ መኪና ቢያሳፍር ነው፤ የሚገድለው የማይቆመው ነው። ቀጥ ብላ ካልቆመች ከከተማ አላወጣትም" ብሎ ማለላት። ድሬዳዋ ወስዶ ታርጋ ሊያወጣላት ነበር አሳቡ።

ወሩ በለስ በሸዋ በር ጥግ የሚላጥበት ወር ነበር፤ እሾሁ ከጣታችን ሳይወጣ ፍሬን ስናስተካክል እንውላለን። እኔ መርገጫውን ስረግጥ እሱ ከሥር ተኝቶ አየሩን ከቱቦው ያስወጣል። ከዚያ ጎማውን በክሪክ ያነሳል። ጎማው የሚታሰርበት ክብ ብረት፣ ታምቡሩ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ በእሷ ካቻቢቴ አስገብቶ የፍሬኑን ሸራ፣ ታምቡሩን ከውስጥ አፍኖ የሚያቆመውን፣ እስኪነክስ ያጠብቅና መልሶ ያላላል። ጎማውን በእጁ ያሽከረክርና ጆሮውን ቀዳዳዋ ላይ ይደግናል። "ስማ፣ ይቺ ገና ታጉረመርማለች!" ይለኛል። እኔ ምንም አይሰማኝም። እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየው ነበር፤ ልጇ ስንት ቀን ያቺን ቀዳዳ እየጎረጎረ ሲበሳጭ።

ለሙከራ ከኤረር በር በታች ወዳለው ቁልቁለት እንወርድ ነበር። ሙሉጌታ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ፍሬኑን ይረግጠዋል፤ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ከሳበች አልተስተካከለችም ማለት ነው። እኔ ወርጄ ጎማው አፈሩ ላይ የጣለውን ጭረት አያለሁ።

"የቀኙ ትንሽ አጠር ይላል" እለዋለሁ።

"ትንሽ ብሎ ነገር የለም! በስንዝርህ ለካ!"

በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት ለካሁት፤ ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። ደግሜ ለካሁ፤ እኩል። ሙሉጌታ ደስ ብሎት ትኩስ ለውዝ ገዝቶ ኪሴን ሞላው። ያን ለውዝ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በማግስቱ ማለዳ ለመሄድ ስንነሳ እማዬ ቀድማን መኪናዋ አጠገብ ቆማለች። ሁለት እጇ በወዝ ያበራል። "ባርኬልሃለሁ ልጄ፤ ከእንግዲህ አታስቸግርህም" አለችው። ጸሎት አድርሳ መሰለን። ሙሉጌታ ጉልበቷን ስሞ ተነሳን።

እስከ ዓለማያ ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ፍሬን ብዙም አላስፈለገንም። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር፤ ሙሉጌታ ያፏጫል። የደንገጎን ቁልቁለት ስንጀምር ግን ይረግጥ ጀመር፤ ታምቡሩ ጋለ።

"ወደ ግራ ሳበችኝ" አለ። ደግሞ ረገጠ። "ትናንት እኩል ነበረች እኮ! አንተው አልለካሃትም?"

በሦስተኛው ኩርባ ስትረገጥ ጭራሽ ወደ ግራ ዞረች፤ ወደ ገደሉ። መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ገፍቶ መንገዱ ላይ ጣለኝ። ቀና ስል ወንድሜም መኪናዋም አልነበሩም።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሙሉጌታ ትንፋሹ የለም። አጠገቡ ተቀምጬ ጮህኩ፣ ጮህኩ። ያኔ ነው ዓይኔ የቀኙ ጎማ ላይ ያረፈው። ታምቡሩ ተሰንጥቆ ተከፍቷል፤ ሸራው ቀልጦ በወረደ ቅቤ ርሷል። አደስ አደስ ይሸታል፤ እማዬ ለጸጉሯ የምታዘጋጀው ቅቤ። ወይኔ እናቴ! ራሳችንን ሲያመን አናታችንን፣ ጆሯችንን ሲያመን ጆሯችንን በቅቤ ያዳነች ሴት ናት። መኪናዋንም የሚያማት የመሰላትን ቦታ፣ ያቺን ቀዳዳ፣ ቀባችላት። የግራዎቹ ጎማዎች ካቡ ሥር ስለነበሩ እጇ አልደረሰባቸውም፤ የቀኙ በቅቤው ሲያሟልጭ የነከሱት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ሰው ከመምጣቱ በፊት ሸራውን በሸሚዜ ጠረግኩት፤ አፈር አሸሁበት።

ትራፊኩ አይቶ "ፍሬኑ እኩል አልተስተካከለም" አለ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም ወሬው እሱ ነበር። "በርሜል ቀጥቅጦ መኪና! ፍሬን ጨዋታ መሰለው" እያሉ ንፍሮ ይቅማሉ። ተነስቼ ማንቁርታቸውን ብይዝ ደስ ባለኝ፤ ዋጥኩት። እማዬ ስትጠይቀኝ "የፍሬን ቱቦ ተበጥሶ ነው" አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ሐዘንተኛ ቅቤ አይቀባም። ዓመቱ ደርሶ ማቋን አወለቀች፤ ጸጉሯ ግን እንደ ደረቀ ቀረ። ሐዘኑ አልወጣላትም ስል ኖርኩ። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያ ልጄ ተወለደች። ሴቶቹ ለጋ ቅቤ አቅርበው፣ "አያት ትቅደም፣ አናቷን ቀቢያት" አሏት። እማዬ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

"ሌላ ሰው ይቀባት።"

"እማዬ፣ ወጉ እኮ ነው" አልኳት ጠጋ ብዬ።

እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ "ቱቦ አልተበጠሰም፤ አይደል ልጄ?" አለችኝ።

እነዚያን የተደበቁ እጆች ከነነጠላቸው ይዤ አለቀስኩ። ሴቶቹ የደስታ እንባ መስሏቸው እልል አሉ።

እማዬም ካረፈች ቆየች፤ ከእንግዲህ የማስቀይመው ሰው የለም። ቅዳሜ ማታ ያ ባለባጃጅ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጣ፤ አስቀምጬ ይህንኑ ሁሉ ነገርኩት። የደንገጎውን አደጋ የሚያስታውስ ሽማግሌ ሐረር ውስጥ ካለ እሱም ይስማ። ወንድሜ ፍሬን ማስተካከል ያውቅ ነበር። ግራና ቀኙ እኩል ነበር፤ በስንዝሬ ለክቼዋለሁ።