ሁለተኛ ሰው እስኪመጣ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። በተፈጥሮዬ ዓይናፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩበት የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ አልረሳውም።

ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ደግሞ ሁለት። ጎንበስ ማለት ስለሚከብደኝ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዝቻለሁ። የመረመረኝ ሐኪም «ብቻሽን ሰው ማንሳት ካላቆምሽ ሥራውን ትተይዋለሽ» ብሎኛል።

የዚያን ዕለት ጠዋት የክፍላችን ኃላፊ ሲስተር አልማዝ፣ እግራቸው የተሰበረ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ወፍራም እናትን ወደ ዊልቸር እንዳዛውር አዘዙኝ።

«ሲስተር፣ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ሰው የለም። ወጣት አይደለሽ እንዴ? እኛ በአንቺ ዕድሜ ስንቱን ተሸክመናል!»

ከጎን አልጋ ያለች አስታማሚ «የዛሬ ልጆች ለጥፍራቸው ነው የሚሳሱት» ስትል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥፍሬ እስከ ሥሩ የተቆረጠ ነው።

ፊቴ ጋለ። ሌላ ቀን ቢሆን ዝም ብዬ ጎንበስ እል ነበር። እጆቼን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩና «ሁለተኛ ሰው እስኪመጣ አላነሳቸውም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

«ማስጠንቀቂያ እጽፍብሻለሁ!»

«ይጻፉ። ምክንያቱንም ግን አብረው ይጻፉ።»

ይኼኔ እትዬ ዘነበች ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ልጄ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የብረት በር ይሠራል። አንዱን በር ለሁለት ነው የሚያነሱት። እኔ ከበር እቀላለሁ እንዴ?»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ በእኔ ግን አልነበረም።

ሲስተር አልማዝ ከንፈራቸውን ነክሰው በወዲያኛው በኩል ቆሙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን አነሳናቸው። ሲስተር ቀና ሲሉ ጋውናቸው ተገለጠ። ወገባቸው ላይ ለወገብ ሕመም የሚታዘዘው ሰፊ ቀበቶ ታስሯል፤ አርጅቶ ጠርዙ ተበጣጥሷል። ማየቴን አዩ። ጋውናቸውን ጎተት አድርገው ወጡ።

ማስጠንቀቂያው ግን አልቀረም፤ በማግስቱ ደረሰኝ። ከሥሩ «ታካሚ ብቻዬን አላነሳም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።

ሲስተር አልማዝ ያሳዝኑኛል። እኔ ግን ያንን ቀበቶ ከጋውን ሥር ደብቄ፣ አዲስ የምትመጣውን ልጅ «ወጣት አይደለሽ እንዴ?» የምል ነርስ አልሆንም። ዛሬም ፊቴ እየጋለ፣ ሁለተኛ ሰው እስኪመጣ አልጋው ጎን እቆማለሁ።